ለሲፈን ያልነገርነው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ተምሩን ከዘሀራ ሱቅ ገዝቼ "አባትሽ ከጅቡቲ ላከልሽ" አልኳት። ላስቲኩን እንኳ አልቀየርኩትም። ልጅቷ ላስቲኩን ገለባብጣ አየችው።

"አባባ፣ ጅቡቲም እንደ እትዬ ዘሀራ ዓይነት ላስቲክ አለ?"

አለ አልኳት። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ላስቲክ የምዋሽ ሰው ሆኛለሁ።

አንድ ፍሬ ቀምሳ ቀሪውን ቋጥራ አስቀመጠችው። አባቢ ሲመጣ አብረን እንበላዋለን አለች።

ልጄ ኤፍሬም ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሰኔ ላይ ከጅቡቲ ጭኖ ወደ ሞጆ ሲመለስ ከመተሐራ ወዲያ መኪናው ተገለበጠ። ሬሳውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሬሳው ናዝሬት ከመግባቱ በፊት የልጅ ልጄን ሲፈንን ወለንጪቲ፣ የእናቷ እናት ዘንድ ላክናት። ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ፣ ተቀበረ፣ ድንኳኑ ተነሳ። ከዚያ በኋላ መለስናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መርዶ አትችልም፣ አትነግሯትም አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። የተቃወመኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። አባትሽ ጅቡቲ ነው፣ መርከብ እየጠበቀ ነው፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ተባለች። ስምንት ወር የሚጠበቅ መርከብ።

እናቷ ለሊሴ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ቀለም ያለው ልብስ ለብሳ ከቤት ትወጣለች። ከዘሀራ ሱቅ ጓዳ ገብታ ጥቁሯን ትለብስና ሰርቪስ ትይዛለች። ስትመለስም እዚያው ቀይራ ትገባለች። ልጅቷ እናቷን በጥቁር ልብስ አይታት አታውቅም። ይህንንም ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ልጅቷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ለሊሴ ወደ ግቢ ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። እስከ እሁድ ካልተነገራት ይዣት ወለንጪቲ እገባለሁ። እናቴ ጋ እንኖራለን።"

"ሥራሽስ?"

"ይቅርብኛ።"

"በዚህ ቤት የምወስነው እኔ ነኝ" አልኳት።

"ቤቱ የእርስዎ ነው። ልጅቷ ግን የእኔ ናት" አለችና ገባች።

ምራቴ ከሆነች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሳይነጋ ተነሳሁ። የሚያስፈራኝን ልጻፈው፦

ብነግራት ትታመማለች።
ባልነግራት እናቷ ይዛት ትሄዳለች።
ሌላ ሰው ቀድሞ ይነግራታል።
ልነግራት ስል ድምፄ እምቢ ይለኛል።

የመጨረሻዋን ልሰርዛት ነበር። ተውኳት።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የውሃ ፓምፕ ስጠግን፣ ከመለዋወጫ ካርቶን ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። ሞተሩንም እንደዚያው ፈትቼ ገጥሜ ነው የለመድኩት። ከዚያ ወዲህ ምክር ስጠይቅ ያየኝ ሰው የለም። አሁን ግን ይህን ነገር በየት በኩል እንደምፈታው አላውቅም።

ስኳር ልገዛ ዘሀራ ሱቅ ሄድኩ። ዘሀራ ወሎ ተወልዳ እዚህ ሰፈር ያረጀች ናት። ምላሷን የሚችለው የለም።

"ጋሽ ተሰማ፣ ዛሬ ደግሞ ከጅቡቲ ምን ልስጥዎት?"

"አታሹፊ።"

"ወላሂ አላሾፍኩም። ትናንት አመሻሽ ላይ ልጅቷ መጥታ 'ተምር ከየት ነው የምታመጪው?' አለችኝ። አላህ ይሰጠኛል አልኳት። ምን ልበላት? ለእርስዎ ብዬ በስተርጅና ውሸት ጀመርኩ።"

ሒሳቤን ከፍዬ ልወጣ ስል አስቆመችኝ።

"ያን የትምህርት ቤቱን ነገር ሰምተዋል አይደል?"

አልሰማሁም። ዘሀራ እንደነገረችኝ ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍሏ ልጅ "አባትሽ ሞቷል ይላሉ" ብላት ሲፈን ፀጉሯን ነጭታታለች። ለሊሴ ተጠርታ ይቅርታ ጠይቃ ተመልሳለች። እኔ ቤት ውስጥ ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ከልጅቷ ስደብቅ እነሱ ደግሞ ከእኔ ይደብቃሉ።

"እንደው ለምን ይመስልዎታል ያልነገረችዎት?" አለች ዘሀራ።

"ለምንድን ነው?"

"እርስዎ ስለሚጮኹ ነዋ!"

ስኳሩን እዚያው ረስቼ ወጣሁ። ሲፈን ናት ሄዳ ያመጣችው።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ትምህርት ቤት የማደርሳት ዛሬ እኔ ነኝ አልኩ። መንገድ ላይ ልነግራት ወስኛለሁ።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆመች። ተሳቢ ሲያልፍ ታያለች። ካቢኑ እንደ አባቷ መኪና ሰማያዊ ከሆነ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ሾፌሩን አይታ ትመለሳለች። አራት ሰማያዊ አለፈ። አራቱንም ጊዜ እንደዚሁ። እኔም ሳላስበው አብሬያት ሾፌሩን ሳይ ራሴን አገኘሁት።

"አባባ፣ መርከቡ ትልቅ ነው?"

"ትልቅ ነው።"

"ስሙ ማነው?"

"መርከብ ስም የለውም።"

"አለው። መጽሐፋችን ላይ አይቻለሁ። ከጎኑ ላይ ይጻፋል።"

ቶሎ ቶሎ ተራመጂ፣ ረፍዷል አልኳት። አልረፈደም ነበር። ከዚያ ቦንቦሊኖ ገዛሁላት። የአባቷን ሞት ልነግራት ወጥቼ ቦንቦሊኖ ገዝቼላት ተመለስኩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እጇን ከእጄ ውስጥ አወጣች። ልጆች እንዳያዩዋት ይሆናል። ሌላም ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር አለ። ስሸሸው ከረምኩ። በገና ዕለት ዶሮ እየበላን ድንገት "አባባ፣ አባቢ ሞቷል እንዴ?" አለችኝ። ጠረጴዛውን በእጄ መታሁት። "ሁለተኛ እንዲህ ስትይ እንዳልሰማ!" አልኳት። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ለሊሴ ስብርባሪውን ስትለቅም ቀና ብላ አላየችኝም። ልጅቷም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችም። ረሳችው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ዳር ስትቆም ሳያት እንዳልረሳችው ገባኝ። ጥያቄው ቀርቶላት አይደለም፣ እኔን ፈርታ ነው ዝም ያለችው።


ሐሙስ፣ የካቲት 6

ገመቹ ጋ ሄድኩ። ገመቹ የእድራችን ዳኛ ነው፣ እኔ ጸሐፊው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው አብረን ቀብረናል። መርዶም አብረን ነው የምንሄደው።

"አካም ቡልቴ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።

"እኔስ ደህና ነኝ። አንተ ግን ደህና ነኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ። ፊትህ ሌላ ይላል።"

ተቀመጥኩ። ስንት ሰው አርድተናል አልኩት። ማን ቆጥሮት አለ። ሕፃን አርድተን እናውቃለን? አልኩት። አሰበ።

"አናውቅም። ሕፃን ከሰው ፊት አይቶ ይረዳዋል ብለን እንተወዋለን።"

"ካልተረዳውስ?"

ገመቹ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እናቴ የሞተችው አምስት ዓመቴ ላይ ነው። ነቀምት ሄዳለች አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሞላኝ ነቀምት ነበረች። እውነቱን የነገረኝ ተጣልቶኝ ሊሰድበኝ የፈለገ ልጅ ነው። እስካሁን የነቀምት አውቶቡስ ሲጠሩ ስሰማ ዞር ብዬ ተሳፋሪውን አያለሁ።"

ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ይህን ነግሮኝ አያውቅም።

እንግዲያው እንደ ትልቅ ሰው ትረዳ አልኩ። በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ባለበት። ቅዳሜ ትምህርት የለም። ገመቹ ተስማማ።

"እሺ። ቃሉን ግን እኔ ልናገር።"

"እኔ ነኝ የምናገረው።"

"አንተ? ከሰኔ ወዲህ የኤፍሬምን ስም በአፍህ ስትጠራ አልሰማሁህም እኮ።"

እውነቱን ነው። ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ አልጠራውም። ቢሆንም እኔ ነኝ አልኩት። እንደ በቅሎ ነህ አለኝ። ስሰደብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለሊሴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት።

"ቅዳሜ ጥቁሬን ለብሼ ልቀመጥ?" አለች።

"ልበሺ።"

እዚያው እንደቆመች አለቀሰች። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ያለ ድምፅ። ስምንት ወር እንዲህ ነው ያለቀሰችው። ስትለምደው አይቼ ጥሩ ነው ብያለሁ። ጠንካራ ሴት ናት ብዬ ለሰው አውርቻለሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ጓሮ ከውሃው በርሜል ፊት ቆሜ ቃሉን ተለማመድኩ።

"አርፏል" ብላት ተኝቷል ትላለች። "ከዚህ ዓለም ተለይቷል" ብላት የት ሄደ ትላለች። "እግዚአብሔር ወሰደው" ብላት ለምን ወሰደው ትላለች። ለሰው ስናረዳ እነዚህን ሁሉ እንላለን፤ ትልቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ለልጅ ያለው አንድ ቃል ነው።

የለሊሴ እናት ከወለንጪቲ መጥታ ዘሀራ ቤት ገብታለች። ልጅቷ አላየቻትም። ይህ የመጨረሻው መደበቅ ነው።

ምሳም እራትም አልበላሁም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ገመቹ ጋቢውን ተከናንቦ ፊት ፊት፣ ዘሀራና የለሊሴ እናት ከኋላው። ማንም ድምፅ አላሰማም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳለ ሲፈን ነቅታ በሌሊት ልብሷ ወጣች። ሰዎቹን አየች። አያቷን አየች። ከዚያ እናቷን በጥቁር ልብስ አየቻት። የበሩ መቃን ላይ ተለጠፈች።

ነይ ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም። እኔም ተነሳሁ።

"ሲፈን፣ አባትሽ ኤፍሬም ሞቷል። ሰኔ ላይ፣ በመኪና አደጋ። እዚሁ ናዝሬት ቀብረነዋል። አንቺ እንዳትሰሚ ያደረግኩት እኔ ነኝ።"

ድምፄ እምቢ አላለኝም።

አላለቀሰችም። እያንዳንዳችንን ተራ በተራ አየችን።

"አባባ፣ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እማዬም?"

"አዎ።"

"አያቴም? እትዬ ዘሀራም?"

"አዎ።"

"መምህሬስ? ባለ ባጃጁስ? የዳቦ ቤቷ ሴትዮስ?"

አዎ፣ አዎ፣ አዎ አልኩ። ዘሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ልጅቷ ሰፈሩን በሙሉ አዳረሰችው፣ አንድም አልቀራትም። ከዚያ ድምፅዋ ቀነሰ።

"እኔ ብቻ?"

"አንቺ ብቻ።"

ያን ጊዜ መጣችብኝ። "ጠይቄህ ነበር! በገና ጠይቄህ ነበር! አንተ ጮህክብኝ!" በዕድሜዋ አንተ ብላኝ አታውቅም። በሁለት እጇ ሆዴን ትደበድበዋለች። ገመቹ ሊይዛት ተነሳ። ተዋት አልኩት። ለሊሴ ከኋላ አቀፈቻትና ሁለቱም መሬት ወረዱ። ለሊሴ ጮኸች። ድንኳኑ ከተነሳ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ በሙሉ ድምፅዋ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ልጅቷ ጩኸቷን አቁማ እናቷን ስታያት፣ ከዚያ ከእናቷ ብሳ ስታለቅስ አየሁ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ገብታ ዘጋችብን። ወተት አልነካችም። በሩ ጋ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል ሳላውቅ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ ከውስጥ፦

"ልቅሶ ነበር?"

"ነበር።"

"ሰው መጣ?"

"ብዙ ሰው። ድንኳኑ አልበቃም።"

"ሁሉም አለቀሱ?"

"ሁሉም።" እኔ አላለቀስኩም ነበር። "ከእኔ በቀር" አልኳት።

ከዚያ "ለእኔስ? ለእኔ ማን ይመጣል?" አለች።

እስካሁን ምግብ አልቀመሰችም። ይህን እየጻፍኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ያጠፋሁ ይመስለኛል። ትናንትም አጥፍቼ ዛሬም አጥፍቼ ሊሆን ይችላል።


እሁድ፣ የካቲት 9

የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ለአንድ ሟች ድንኳን የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ አንቀጽ ሰው መልሼ አውቃለሁ። እያለቀሱ ለምነውኝ መልሻለሁ።

ከቅዳሴ እንደወጣን ገመቹን ያዝኩት። ትንሿን ድንኳን ልውሰዳት አልኩት።

"አንቀጽ ዘጠኝስ?" አለ እየሳቀ።

"ይሰረዝ።"

"ያለ ጠቅላላ ጉባኤ? ለአንዲት የተሰበረች ወንበር ጉባኤ የጠራኸው አንተ አይደለህም?"

"ገመቹ፣ እየለመንኩህ ነው።"

ሳቁን አቆመ። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። "ደንቡን ኋላ እንጨቃጨቅበታለን" አለኝ።

በስድስት ሰዓት ድንኳኑ ቆመ። ዘሀራ ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ምን ተፈጠረ እያሉ የመጡም አሉ፤ ገመቹ በር ላይ ቆሞ "ሲፈን ትናንት ነው የተረዳችው፣ ልናለቅስላት ነው" ይላቸዋል። ያኔ የሳቀ ሰው የለም። ልጅቷ የእናቷን ጥቁር ሻርፕ ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። የገባ ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። ባለ ባጃጁ ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አላት። አሜን አለችው። መምህሯ ልጆች አስከትላ መጣች። ፀጉሯ የተነጨው ልጅ ከሁሉም አልፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ምንም አልተባባሉም። ቆይተው ከአንድ ሳህን ንፍሮ ሲበሉ አየሁ። በላች! ከትናንት ጠዋት ወዲህ የበላችው ያ ነው።

ስለ ሟቹ ማውራት ተጀመረ። አንዱ ደግነቱን አነሳ፣ አንዱ ጨዋታውን። ሲፈን እኔም አለኝ አለች። አባቷ አንድ ጊዜ በካቢን እስከ መተሐራ ወስዷት ነበር። በሰቃ ሐይቅ ዳር አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን አስይዟታል።

"ከዚያ አባባን ሆነ" አለች።

"እንዴት ሆነ?" አላት ገመቹ።

ተነሳች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ቅንድቧን ከስክሳ፣ ድምፅዋን አወፈረች። "ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ! መሪ እንደዚህ አይያዝም! እኔ ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት!"

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ዘሀራ ዓይኗን እየጠረገች "ወላሂ ራሱ ነው!" ትላለች። እኔም ሳቅኩ። ልጄ እኔን እያስመሰለ ልጁን ያስቃት እንደነበር ዛሬ ሰማሁ። ፊት ለፊቴ የሚፈራኝ ልጅ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጠኝ ልጅ። ኤፍሬም አልኩ፣ በአፌ። ሳቄ መሀል ላይ ተገለበጠና ሌላ ሆነ። ሰው ፊት፣ ጮክ ብዬ፣ ማቆም አቃተኝ። ስምንት ወር ያላወጣሁት ሁሉ መጣ። ዓይኔ ጨለመና ያዙኝ። ከለቀስተኞቹ ውስጥ አንዲት ነርስ የደም ግፊቴን ለካች። ከፍ ብሏል፣ ነገ ሐኪም ይይዎት አለችኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ለሊሴ ዛሬ ጥቁሯን ለብሳ ከገዛ ቤቷ በር ወጣች። ወለንጪቲውስ? አልኳት። "አላውቅም ጋሼ። እሷን እንጠይቃት እንጂ" አለችኝ። ቀኑ አልፏል፣ አልሄደችም። ከዚህ በላይ አልጠየቅኳትም።

ጫማዬን ሳስር ሲፈን ከኋላዬ መጥታ ቆመች። በር ላይ ከተነጋገርን ወዲህ አላናገረችኝም ነበር።

"የት ልትሄድ ነው?" አሁንም አንተ ነው የምትለኝ። አላረምኳትም።

ገበያ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እንዴት በቀላሉ እንደሚመጣ!

"ሐኪም ቤት" አልኳት።

"ለምን?"

"ግፊቴ ከፍ ብሏል ተብያለሁ።"

"ትሞታለህ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠረጴዛ የምመታበት ጥያቄ ነው።

"አንድ ቀን እሞታለሁ። ዛሬ አይመስለኝም። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ሐኪሙ ያለውን መጥቼ እነግርሻለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አየችኝ። ያመነችኝ አይመስለኝም። እንድታምነኝም መብት የለኝም። ቦርሳዋን አነሳችና "እኔም እመጣለሁ። ራሴ እሰማዋለሁ" አለች። ትምህርት አለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ይህን የምጽፈው ወረፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ከፊታችን ብዙ ሰው አለ። እሷ አጠገቤ የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታየኛለች፣ መኖሬን ታረጋግጣለች መሰለኝ። እፈራለሁ። ሐኪሙ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ስሜ ሲጠራ ግን ሁለታችንም ነን የምንገባው።